ማዳም ሙዛ ሽንኩርት የላጠች ቀን

ማዳም ሙዛ ከአገር ልትባረር የነበረው በግማሽ ሽንኩርት ነው። ሙሉውን እንኳ አልጨረሰችውም።

መጀመሪያ ስሟን ልገላገል። ሙዛ ነው። አዎ፣ ከሙዝ ብዙም አይርቅም፤ እኔም ስቄያለሁ። እሷ ግን ሳትቀየመኝ «ያሳደገችኝም እንዲሁ ትስቅ ነበር» አለችኝ። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት። እዚህ ግን «መጡ፣ ተቀመጡ፣ አሉ» እያልኩ ብቀጥል ለእኔም ለእናንተም ይረዝማል፤ ስለዚህ እሷ ናት።

የምንኖረው ወገል ጤና ነው። ድሮ ሰው ብርዱን ሸሽቶ ከዚህ ይወርድ ነበር አሉ። አሁን ዓለሙ ሁሉ ብርዱን ፍለጋ ወደ እኛ ይወጣል። ከከተማው በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ነጫጭ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ሰፈሩን «ማረፊያ» እንለዋለን። የሚኖሩበት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከየሞቃቱ አገር የመጡ ናቸው፤ ከባሕረ ሰላጤው፣ ከግሪክ፣ ከሕንድ። የማረፊያ ፈቃድ ይሰጣቸዋል፣ በየዓመቱ ይታደስላቸዋል። ከተማው መግቢያ ላይ የተሰቀለው ትልቅ ሰሌዳ በየቋንቋቸው እንዲህ ይላል፦ «እንኳን ደህና መጡ። እዚህ የምንሠራው እኛ ነን፤ እርስዎ ይረፉ።»

ምክር እንዳይመስላችሁ። ሕግ ነው።

የማረፊያ ፈቃድ ያለው ሰው አይሠራም። አይሸጥም፣ አይሰፋም፣ አያስተምርም፣ አይቆፍርም። እጁ ላይ አምባር አለ፤ እጁ የሚያደርገውን አምባሩ ያውቃል። ነጭ ከበራ ዐርፈሃል። ቢጫ ከበራ ተጠንቀቅ። ቀይ ከበራ ሻንጣህን አዘጋጅ። ስለዚህ የማረፊያ ሰዎች መንገድ ላይ ሲሄዱ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ዝንብ ሲያርፍባቸው እንኳ ግራ ቀኝ አይተው ነው እሽ የሚሉት። እጃቸው እንዳይደርቅ ደግሞ የሸክላ አዳራሽ ተሠርቶላቸዋል። እዚያ ገብተው ጀበና ይሠራሉ፣ ድስት ይሠራሉ። ሲያልቅ አስተናጋጁ ይመጣና «በጣም ያምራል» ብሎ መልሶ ጭቃ ያደርገዋል። ያልፈረሰ ሸክላ ሥራ ነው።

ከማዳም ቤት ጀርባ ሚስተር ስታቭሮስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ መደብ ጥቅል ጎመን ተከሉ፤ ለራሳቸው ነው፣ ለሰላጣ። አንድ ቀን ጠዋት ቤታቸው ባዶ ሆኖ አገኘነው። ጎመኑ የሚያጠጣው አጥቶ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ማዳም አበባዋን የምታጠጣው በዓይኗ ነው።

እኔ አጫዋች ነኝ። ትምህርት አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው። ለመሳቅ ደግሞ ዲፕሎማ አይጠየቅም። የእኔም እጅ ላይ አምባር አለ። ጠዋት የማዳምን በር ስገፋ አረንጓዴ ይበራል፤ ከዚያ አወራለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ አሾፋለሁ፣ ካርታ እንጫወታለን። ማታ ይጠፋል። ከጠፋ በኋላ መቆየት ክልክል ነው፤ ሳይከፈሉ ማጫወት ሕገ ወጥ ነው ይላሉ። አንዴ ቀልድ ጀምሬ መሃሉ ላይ ጠፋብኝ። ተነስቼ ሄድኩ። ማዳም ስታስበው አድራ፣ በማግስቱ መጨረሻውን ስነግራት «ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት?» አለችኝ።

ማዳም አማርኛ ትችላለች፤ አማርኛዋ ግን የሌላ ዘመን ነው። ሕፃን ሳለች ያሳደገቻት ሠራተኛ ከዚሁ ከእኛ አካባቢ የሄደች ልጅ ነበረች። ያኔ የእኛ ሴቶች ነበሩ ወደ እነሱ የሚሄዱት። ልጅቷ በስልክ ከእህቷ ጋር ስትጣላ፣ ስታለቅስ፣ ስትታረቅ ማዳም እግሯ ሥር ቁጭ ብላ ሰምታለች። ስለዚህ «እባክሽ ውኃ ስጪኝ» ለማለት ትንተባተባለች። «አንቺ ቀልበ ቢስ፣ የት ተወትፈሽ ነው!» ለማለት ግን ማንም አይቀድማትም። የሰፈሩ ትልልቅ ሴቶች ሆን ብለው ያናድዷታል፤ ስትሳደብ የእናቶቻቸውን ድምፅ ይሰማሉ።

ለምን እዚህ እንደመጣች ስጠይቃት «መስኮት» አለችኝ። በእሷ አገር ሰው የሚኖረው መሬት ሥር ነው። ልጇ አሁንም እዚያ ናት። ፎቁ የሚቆጠረው ወደ ታች ነው፤ መስኮት የሚባለው ደግሞ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነው፣ ባሕር የሚያሳይ። እዚህ ጠዋት ስትነሳ ከሁሉም በፊት መስኮቱን ብርግድ አድርጋ ትከፍታለች። ብርዱ ፊቷን በጥፊ ሲላት ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች።

«ማዳም፣ ሊገድሉን ነው እንዴ?» እላለሁ ጋቢዬን እየሰበሰብኩ።

«ዝም በይ፣ ብርዳም።»

ከተባረረች የምትመለሰው ወደዚያ ሥዕል ነው። አሁን ወደ ሽንኩርቱ።

ጎረቤታችን አያ ይማም ሞቱ። ኦፓል ሲቆፍሩ የኖሩ፣ እኔን ባዩ ቁጥር «ይቺ ምላሳም» የሚሉ ሰው ነበሩ። ቅሬው በሚስታቸው በእትዬ ከድጃ ደጅ ላይ ድንኳን ተከለ። ቅሬ ሌላ አገር እድር የሚሉት ነው፤ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሐዘንተኛ የሚያበላ። የማረፊያ ሰዎችም ቅሬ መግባት ግዴታቸው ነው፤ የሞቱ እንደሆነ ቀባሪ እንዳይጠፋ። አብዛኞቹ መዋጮውን በአምባራቸው ይልኩና ይቀራሉ። ማዳም ግን ትመጣለች። ስትመጣ ትራስ ያለው ወንበር ይሰጣታል። ሴቶቹ ጓዳ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ሲልጡና ሲከትፉ እሷ ከወንበሯ ሆና እንደ ፎቶ ትታያለች።

ያን ቀን የቀረበልን ሽንኩርት ጆንያ ሙሉ ነው። ዓይኔ እየነደደ ቀና ስል ማዳም እጇን አጣጥፋ ታየናለች። አፌ መቼ ያርፋል።

«ማዳም፣ ሚዜ መሰሉ እኮ» አልኳት።

«ምን ላድርግ? እጄ አይፈቀድለትም።»

«ያሳደገችዎት አሁን ብታይዎት ምን ትል ነበር?»

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ድምፅዋን ቀጠን አድርጋ፣ «‹ተጎልተሽ ልትውዪ ነው? ነይ ያዢ!› ትል ነበር» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እሷም ከወንበሯ ወረደችና አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቢላዬን ሰጠኋት።

አምባሩ ትዝ አላለኝም። ማንም ትዝ አላለውም። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው የሚታዘበው ባዶ እጅን ነው፤ ቢላዋ የያዘ እጅ ማን ልብ ይላል?

ሰባ ሊሞላት ነው፤ ሽንኩርት ስንት ልብስ እንደሚደርብ ያወቀችው ግን የዚያን ቀን ነው። «ከየት በኩል ነው የሚከፈተው?» ብላ ጠየቀች። ግማሹን እንደላጠች አምባሩ ቢጫ ሆነ፣ ወዲያው ቀይ ሆነ። ከዚያ ተናገረ። ድምፁ የሴት ነው፣ በጣም ትሑት።

«ያልተፈቀደ ሥራ ተመዝግቧል። የማረፊያ ፈቃድዎ ታግዷል። መርማሪ እስኪመጣ ድረስ እባክዎ ይረፉ።»

ማዳም ሽንኩርቱን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጋ ሳህኑ ላይ አኖረችው። ዓይኗ ሞልቷል፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ አልለየሁም።

«ጦይባ» አለችኝ። ጦይባ እኔ ነኝ። «ስንወጣ መስኮቱን ዘግቼዋለሁ?»

«ክፍት ነው፤ ልሂድና ልዝጋው?»

«አትዝጊው» አለች።

በማግስቱ ስሄድ ሻንጣዋን እያዘጋጀች አገኘኋት። ልብስ ታጥፋለች፣ ትደረድራለች፣ ትቆልፋለች፣ መልሳ ትከፍታለች። አምባሩ እንደቀላ ነው፤ ግን አይናገርም። ሻንጣ ማዘጋጀት እንደ ሥራ አይቆጠርም።

«አይሄዱም» አልኳት።

«በምን ታውቂያለሽ?»

«ካርታ ላይ አንዴም ሳላሸንፍዎ የት ይሄዳሉ?»

«እሱማ አትችዪም» አለች። ስታጥፍ የነበረውን ልብስ ግን አልጋው ላይ ተወችው።

መርማሪዋ በሰልስቱ መጣች። ድንኳኑ ገና አልተነሳም፣ ሽንኩርቱም አላለቀም። ወይዘሪት ሐመልማል ትባላለች፤ ከደሴ ነው የመጣችው፣ ጫማዋ ጭቃ አይቶ አያውቅም። ክንዷ ላይ የመንግሥት ሰዎች የሚያደርጉት ሰማያዊ አምባር አለ። የመንግሥት ሰው በሥራ ሰዓት ሌላ ሥራ ከነካ የእሱም አምባር ይቀላል። ይሄን እኔ ብቻ ሳልሆን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ልክ እንደ ሽንኩርቱ ቀን ሰው ሁሉ ይረሳዋል እንጂ።

«ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቦታ አሳዩኝ» አለች።

ጓዳ አስገባናት። ወንበር አመጣሁላትና እትዬ ትርንጎ አጠገብ አኖርኩት። አዎ፣ እዚያ ያኖርኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። እትዬ ትርንጎ የቅሬው ጓዳ አዛዥ ናቸው። አጠገባቸው ባዶ እጁን ቁጭ ብሎ የወጣ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም። ሙሽራ እንኳ ያሠራሉ።

«ቢላዋውን ማን ሰጣት?» ብላ ጀመረች መርማሪዋ።

«ኧረ ማንም አልሰጣት» አሉ አንዲት ሴት ማዳምን ሊያድኑ። «ራሷ ናት የነጠቀችን!»

«ነጠቀች?»

«ምን መንጠቅ ብቻ፣ እንዴት አድርጋ!»

ጨርሰው ገደል ሳይከቱን «የሰጠኋት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ ማነሽ?»

«አጫዋቿ።»

አምባሯን ወደ አፏ አስጠግታ ጠየቀችው፤ መለሰላት። «አሠሪ ተብለሽ ተመዝግበሻል» አለችኝ። «የውጭ ዜጋ ያለ ፈቃድ ቀጥሮ ማሠራት።»

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የአያቴ እናት አረብ አገር ሠራተኛ ነበረች። እኔ ደግሞ ማዳም ቀጥሬያለሁ ማለት ነው።

«ምን ያህል ሠራችልሽ?»

«ኧረ እሷ ሥራ ላይ ደካማ ናት» አልኩ። «ግማሽ ሽንኩርት ብቻ! እርስዎ ባይመጡም ላባርራት ነበር።»

«ቅሌታም» አለችኝ ማዳም በሹክሹክታ።

መርማሪዋ አልሳቀችም። «ነገሩን እንደ ቀልድ አትዩት። አውሮፕላኑ ላይ መቀመጫ ተይዞላቸዋል፤ እኔ እዚህ ያለሁት ለማጣራት ብቻ ነው።»

ይሄን ስትል ማዳም ሻርፗን አጠበቀች። እትዬ ትርንጎ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያዩት ሌላ ነገር ነበር፤ የመርማሪዋን ጭን፣ ጭኗ ላይ የተኙትን እጆቿን።

«ልጄ፣ እናት አለችሽ?» አሏት።

«አለች፣ እናቴ።»

«ጎሽ። ታዲያ ያዢማ» አሉና እፍኝ ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ጭኗ ላይ ዘረገፉላት። «አንቺ ጠይቂ። አፍሽን አልፈለግነውም።»

እጇ እሷን አልጠየቃትም። አንዷን ፍሬ አነሳች፣ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገቻት፣ ልጣጩ ተገፎ ወደቀ። ሁለተኛዋን አነሳች። በጣም ነው የምትችልበት። እየላጠች ትጠይቃለች።

«እትዬ ከድጃ፣ ሴትየዋን ሥራ ሲያዟት አይተዋል?»

«እኔ ምን አያለሁ ልጄ፣ ባሌን ቀብሬ።»

«ነፍስ ይማር... ይቅርታ፣ አላህ ይማራቸው። በፊትስ? በሌላ ለቅሶ ላይ?»

«በሌላ ለቅሶማ ወንበር ላይ ነበረች፤ እንደ ዕቃ።»

ማዳም የመርማሪዋን እጅ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያ አየሁ። የመርማሪዋ አምባር ከሰማያዊ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ሲሄድ እሷ ገና ጥያቄዋን አልጨረሰችም።

«ያልተፈቀደ ሥራ ተመዝግቧል። ከመንግሥት ሥራዎ ታግደዋል። መርማሪ እስኪመጣ ድረስ እባክዎ ይረፉ።»

ወይዘሪት ሐመልማል እጇን አየች። ጣቶቿ መሃል የተላጠ ነጭ ሽንኩርት አለ።

«መርማሪዋ እኮ እኔ ነኝ!» አለችው አምባሩን።

«መርማሪ እስኪመጣ ድረስ እባክዎ ይረፉ።»

ማዳም ወደ እሷ ጎንበስ አለች። ከልቧ አዝናላታለች፤ ይሄን እምላለሁ። «አንቺ ቀልበ ቢስ» አለቻት፣ «አንቺንም አባረሩሽ?»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ከድጃ ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው። ሐዘንተኛዋ ከሳቁ እኛ ማንን እንፍራ፤ ጓዳው ተናጋ። ከድንኳኑ ያሉት ወንዶች «ምን ሆናችሁ?» እያሉ ብቅ አሉ።

መርማሪዋ ትንሽ ቆይታ እሷም ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ፊቷን አስተካክላ አምባሩን በሁለት ጣት ያዘችው። አምባር ሲሳሳት አርሞ ማስተማር የሚችለው መርማሪ ብቻ ነው።

«ስህተት ነው» አለችው።

«ድርጊቱ ምንድን ነው?» አለ አምባሩ። «ሥራ፣ እረፍት፣ ስፖርት፣ ሕክምና ወይስ ሌላ?»

«እረፍት በይው፣ ይገላግልሽ» አለች አንዷ።

«እረፍት?» አሉ እትዬ ትርንጎ። «እንዲህ ዓይኔ እስኪጠፋ ዕድሜ ልኬን ሳርፍ ነው የኖርኩት በይኛ!»

«ስፖርት» አልኩ እኔ።

«አንቺ አሠሪ፣ ዝም በይ» አለችኝ መርማሪዋ። ያኔ ነው የወደድኳት።

ዙሪያዋን አየች፤ ጆንያውን፣ ሳህኑን፣ የማዳምን ግማሽ ሽንኩርት። ግማሿ ሽንኩርት እዚያው ነበረች፤ ማስረጃ ናት ብለን ማንም አልነካትም።

«ሌላ» አለች።

«ይግለጹ።»

«ለቅሶ ደርሰን ነው።»

«ለቅሶ መድረስ» አለ አምባሩ ቃሉን እየቀመሰ። «ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

እትዬ ትርንጎ ወደ ክንዷ ጎንበስ አሉና ጆሮው ለከበደ ሰው እንደሚናገሩት ጮኸው «እስኪያልቅ!» አሉት።

አምባሩ ሰማያዊ ሆነ። የማዳምም ነጭ ሆነ። የእኔ አሠሪነት በዚያው ተሻረ፤ ሹመቴ የአንዲት ሻይ ዕድሜ አልነበረውም። ወይዘሪት ሐመልማል ቦርሳዋን አንስታ ልትሄድ ብድግ ስትል አምባሯ ቢጫ በራ። አላለቀማ። ተመልሳ ቁጭ አለችና ጆንያው እስኪራገፍ ስትልጥ ዋለች። ማዳምም ያቺን ግማሽ ሽንኩርት ጨረሰቻት። ተንጨባርራለች፣ ግን ጨርሳታለች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይለኝ ነበር። አምባር ግን የተማረውን ለብቻው አይዝም፤ ለሁሉም ይነግራል።

ክረምቱ ሳይገባ አንድ ጠዋት የማረፊያ አምባሮች ሁሉ ባንዴ ቢጫ በሩ። «ጎረቤትዎ ሐዘን ላይ ናቸው። እጅዎ ባዶ ነው።» ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ደንግጠው ከየቤታቸው ወጡ፤ ቢላዋ ያለው ቢላዋ፣ የሌለው ማንኪያ ይዞ። አምባሩ እየመራ አንድ ደጃፍ አደረሳቸው፤ በር ማንኳኳት ሆነ። በሩን የከፈተችው ልጅ እንቅልፏን ገና አልጨረሰችም።

«ምን ሆናችሁ?» አለቻቸው።

አባቷ ከውስጥ አልጋው ላይ፣ አምባሩን እንዳደረገ ሞቶ ነበር። እሷ ገና አልሰማችም።

ከለቅሶው በኋላ እትዬ ትርንጎ «እንዲህ ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል» ብለው የማረፊያ ሰዎችን መረቁ። ሁሉም ልጠዋል፣ አንዱም አልቀረም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስተኛ እጄን ከብርድ ልብሱ ውጭ ነው የማደርገው። አምባሩ ከውስጤ ምን እንደሚሰማ አላውቅማ።

ማዳም እንደሆነች ምሬቷ ሌላ ነው። «ማረፍ ቀረ በቃ» ትላለች ጣቷን እያሸተተች። «ወንበሬንም ወሰዱብኝ።» እውነት ነው፤ ትራስ ያለው ወንበር አሁን የለም። ሴቶቹም ማዳም ማለቱን ትተው «እቴ ሙዛ፣ ጠጋ በይ» ነው የሚሏት። ሻንጣዋን አልጋ ሥር ከታዋለች። መስኮቷ እንደተከፈተ ነው።

ትናንት ማታ ካርታ ስንጫወት አምባሬ ጠፋ። «የሥራ ሰዓትዎ አብቅቷል» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ካርታዬን ጥዬ እነሳ ነበር። ትናንት ግን እጄ ላይ የያዝኩት ካርታ ሸጋ ነው፤ ማዳም ደግሞ አንዱን ካርታ ቀሚሷ እጅጌ ውስጥ ስትከት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

አልተነሳሁም። ቢጫ በራ።

«ድርጊቱ ምንድን ነው?» አለኝ። «ሥራ፣ እረፍት፣ ስፖርት፣ ሕክምና ወይስ ሌላ?»

«ሌላ።»

«ይግለጹ።»

«ይቺ አሮጊት እያታለለችኝ ነው። ሳላሸንፋት አልሄድም።»

አሰበ። ብርዱ በመስኮቱ ገብቶ ካርታዎቹን አገላበጣቸው፤ ማዳም በክርኗ ተጫነቻቸው።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

አፌን ሳልከፍት ማዳም ወደ ክንዴ ጎንበስ አለች፤ በእትዬ ትርንጎ ድምፅ፣ ጆሮው ለከበደ ሰው እንደሚጮኸው ጮኸች፦

«እስኪያልቅ!»